ልባስ፣ ቅያሬ ወይስ ስፌት?
የወላይታ ሶዶ ዳሽቦርዶች በሒስ ዓይን

ሒስ ሲባል ሐሳባችን ቶሎ ብሎ የሚሮጠው ወደ መጽሐፍ፣ ወደ መድረክና ወደ ሥዕል ሸራ ነው። ልቦለድ ይተቻል፤ ቴአትር ይተቻል፤ ዘፈንም ቢሆን አልፎ አልፎ ይደርሰዋል። በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ሥራ ግን ዋጋው ያከራክረናል እንጂ ሥራው ራሱ ለሒስ ሲቀርብ እምብዛም አላየሁም። «ስንት ተቀበለህ?» እንባባላለን፤ «እንዴት አድርጎ ሠራው? ለምንስ እንደዚያ ሠራው?» ብለን አንጠይቅም። እኔ ዛሬ ለሒስ የማቀርበው የተሰነጠቀ የመኪና ዳሽቦርድ ጥገናን ነው። ነገሩ ቀልድ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ጥያቄ የአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲታደስ፣ የጥንት ቤት ሲጠገን፣ የቆየ መጽሐፍ እንደገና ሲታተም ከምንጠይቀው ጋር አንድ ነው። ያረጀን ነገር ስናድን የምናድነው ምኑን ነው? መልኩን፣ አካሉን ወይስ አገልግሎቱን?

ይህን ጥያቄ ይዤ የዞርኩት ወላይታ ሶዶ ነው። ሶዶ በዳሞታ ተራራ ሥር የተዘረጋች የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ ዞሮ የመጣውም፣ በሆሳዕና አቋርጦ የመጣውም፣ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደውም መኪና እዚያ ይገናኛል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የአስተዳደር መቀመጫ የሆነችውም እርሷ ናት። መንገዱን ባጃጅ ቢሞላውም የድሮዎቹ መኪኖች ጨርሰው አልጠፉም። በእኛ አጠራር «ዲኤክስ» የምንላት የፈረንጆቹ 1980ዎቹ ቶዮታ ኮሮላ፣ አሮጌ ላንድክሩዘር፣ አንዳንዴ ፔዦ፣ ከስንት አንዴም ቮልስ ይታያል። ከቦዲቲ፣ ከአረካ፣ ከሁምቦ እየተመላለሱ ባለቤታቸውን እንጀራ ያበላሉ። በጋራዥ ደጃፍ ቆሜ፣ በተከፈተ በር አንገቴን አስግጌ ያየሁትን ነው የምተቸው።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት ልበል። ዳሽቦርድ የሚለው ቃል ከመኪና ይቀድማል። በፈረስ ሠረገላ ፊት ለፊት፣ የፈረሱ ኮቴ የሚረጨው ጭቃ ተሳፋሪው ላይ እንዳያርፍ የምትቆም ሳንቃ ነበረች። መኪና መጥቶ ፈረሱ ሲሰናበት ሳንቃዋ ቀረች፤ ጭቃ መከላከሏን ትታ የፍጥነት፣ የነዳጅና የሙቀት መለኪያዎች መሰኪያ ሆነች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ዳሽቦርድ ማለት በአመዛኙ ቀለም የተቀባ ላሜራ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባትን ቮልስዋገን የሚያስታውስ ሰው የቀድሞዎቹን ቮልሶች ዳሽቦርድም አይረሳም፤ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ብረቱ ፀሐይ አይሰነጥቀውም። ችግሩ በግጭት ጊዜ የሚሰነጠቀው የሰው ግንባር መሆኑ ነው።

አሜሪካዊው ጠበቃ ራልፍ ኔደር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ የመኪና ፋብሪካዎችን በአደባባይ ከከሰሰባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ መኪናው ሲጋጭ ተሳፋሪውን የሚገድለው ውስጡ ያለው ጠንካራ ብረት ነው አለ። ከጥር 1 ቀን 1968 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ የቤት መኪና ውስጡ የተሳፋሪን ጭንቅላት እንዳይጎዳ የሚያዝዝ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ለስላሳው ዳሽቦርድም በዓለም ተስፋፋ። እንግዲህ ዛሬ በዲኤክሷ ላይ የምናየው ስንጥቅ የዚያ መልካም ሐሳብ እዳ ነው። ለስላሳው ነገር ግንባርን ያድናል፤ ራሱ ግን ይሰነጠቃል።

ለምን ይሰነጠቃል? የእነዚህ መኪኖች ዳሽቦርድ በጥቅሉ ሦስት ንብርብር አለው፤ ከሥር ላሜራ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ፣ መሐል ስፖንጅ፣ ከላይ የቪኒል ቆዳ። ቪኒል በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ ልስላሴ የሚሰጠው ፋብሪካው የሚቀላቅልበት ቅባት መሰል ኬሚካል ነው። ፀሐይና ሙቀት ይህን ኬሚካል ከዓመት ዓመት እየመጠጡ ያወጡታል። መስታወቷ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመች መኪና ዳሽቦርድ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። ቅባቱ ሲያልቅ ቆዳው ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከሥሩ ያለው ብረት ግን አብሮት አይኮማተርም። ልብሱ የጠበበበት ሰው ሲያጎነብስ ስፌቱ እንደሚተረተር ሁሉ ቆዳውም ደካማ ቦታ ፈልጎ ይተረተራል፤ በአየር ማስገቢያው ጠርዝ፣ በድምፅ ማጉያው ቀዳዳ፣ ብሎን በገባበት። ሶዶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር አሥር በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከምድር ወገብም ሰባት ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ ፀሐይዋ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናት ትሄዳለች። ስለዚህ ስንጥቁ የባለቤቱ ግዴለሽነት ምስክር ነው ብሎ መፍረድ ትክክል አይደለም። የአገሩ ሰማይ የጻፈው ነው።

አሁን ወደ ፍርዱ እንምጣ። ፍርድ ደግሞ መለኪያ ይፈልጋል። በዓለም የአሮጌ መኪና ወዳጆችን ማኅበራት የሚያስተባብረው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው ፊቫ የተባለ ፌዴሬሽን ታሪካዊ መኪና የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውን፣ ከታሪኩ ጋር በሚስማማ ይዞታ የተጠበቀውን፣ ለዕለት ተዕለት መጓጓዣነት የማይውለውን ነው። ይህን የመጨረሻ ነጥብ ልብ በሉልኝ። በዚህ መለኪያ ሶዶ ውስጥ ካየኋቸው አንዷም አታልፍም። ዕድሜው ሞልቷቸዋል፤ ይዞታውም ለአንዳንዶቹ አለ፤ የሚጥላቸው መሥራታቸው ነው። ለፈረንጁ አሮጌ መኪና ክብር የሚያገኘው ጡረታ ሲወጣ ነው። የእኛ አሮጌ መኪና ጡረታ የለውም። እኔ ግን ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። እየሠራ የሚጠገን ዕቃ እየኖረ እንደሚለወጥ ቋንቋ ነው፤ መለኪያውም ከፋብሪካ የወጣ ዕለት የነበረው መልክ ብቻ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የምፈርደው በሦስት ጥያቄ ነው፤ ጥገናው ይዋሻል ወይስ እውነቱን ይናገራል? የስንጥቁን ምክንያት ነክቷል ወይስ አልነካም? በውስጡ የሚቀመጠውን ሰው ይጠብቀዋል ወይስ ይጎዳዋል?

ልባስ

በብዛት ያየሁት ልባስ ነው። ፀጉራም ጨርቅ ወይም ቀጭን ምንጣፍ በዳሽቦርዱ ልክ ተቆርጦ ይነጠፍበታል፤ ዳር ዳሩ ዘርፍ ይንጠለጠልበታል፤ ከላዩ የፕላስቲክ አበባ፣ የቅዱሳን ሥዕል ወይም ጥቅስ፣ የወላይታ ድቻ ዓርማ ይሰለፋል። የከተሜ ምሁር ይህን ሲያይ ከንፈሩን ያጣምማል። እኔም ወደዚያው አዘንብዬ ነበር፤ ምክንያቱም ልባስ ስንጥቁን ይደብቃል እንጂ አይጠግነውም፤ ገዥ የመጣ ዕለት ደግሞ ይዋሻል። በመሪው በኩል ተንሸራቶ የነዳጅ ጌጁን የሚጋርድም አይቻለሁ። ነጭ ወይም ቢጫ ከሆነ የፊት መስታወቱ ላይ እያንጸባረቀ የሹፌሩን ዓይን ያውካል።

ሆኖም በሁለተኛው ጥያቄ ስንመዝነው የሚያስገርም ነገር ይገጥመናል። ከጥገናዎቹ ሁሉ የስንጥቁን ምክንያት የሚነካው ርካሹ ጨርቅ ነው። ፀሐይዋን ይከለክላል። አዲስ በተሠራ ወይም ገና ባልተሰነጠቀ ዳሽቦርድ ላይ ቢነጠፍ ዕድሜ ይጨምርለታል። እኛ የምናነጥፈው ግን ከተሰነጠቀ በኋላ ነው፤ ጃንጥላ ዝናቡ ካባራ በኋላ እንደመዘርጋት ይቆጠራል። ካየኋቸው ልባሶች ያስደሰተኝ አንድ ብቻ ነው። በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር የወላይታ ሸማ መልክ የተሠራ፣ ዘርፍና አበባ የሌለው፣ መለኪያዎቹን ሳይነካ በልኩ የተቆረጠ። ያ ልባስ ዳሽቦርድ ነኝ አይልም፤ ጨርቅነቱን አውቆ በጨርቅነቱ ያጌጠ ነው።

ቅያሬ

ገንዘብ ያለው ሰው ቅያሬን ይመርጣል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሰው ይልካል፤ ከተፈታ መኪና ላይ የወጣ ዳሽቦርድ በአውቶቡስ ጣራ ተጭኖ ሶዶ ይገባል። መልኩ ሲታይ ከሁሉም ያማረው ይህ ነው። ሒሴ ግን እዚህ ላይ ይጠነክራል። አንደኛ፣ የመጣው ዳሽቦርድ ከወጣው ጋር እኩያ ነው፤ የዚያው ዘመን ቪኒል፣ የዚያው ፀሐይ ልጅ። ዛሬ ባይሰነጠቅ ቅባቱ አልቆ ተራውን እየጠበቀ ነው። ሁለተኛ፣ ዳሽቦርድ ሲፈታ ከጀርባው ያለው የሽቦ ጥልፍልፍ ይነካል፤ የተቸኮለ እጅ ሽቦውን ቆርጦ በፕላስተር ይጠቀልለዋል፤ ከዚያ ወዲያ የፍሬቻ መብራት ሲበራ የነዳጅ ጌጅ የሚወድቅባት መኪና ትፈጠራለች። ሦስተኛውና ዋናው፣ ዳሽቦርዱ ከነመለኪያዎቹ ሲቀየር የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም አብሮ ይቀየራል። መኪናዋ የተጓዘችውን መንገድ ሁሉ ረስታ የማታውቀውን የሌላ መኪና መንገድ ትቆጥራለች። መልኩን አድናለሁ ያለው ሰው ትዝታዋን አጠፋ ማለት ነው።

የቅርስ ጠባቂዎች በዚህ ጉዳይ ቀድመውናል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ስለ ሐውልትና ስለ ሕንፃ ሲናገር፣ የጎደለውን የሚተካው አዲስ አካል ከነባሩ ጋር ተስማምቶ ሳለ ከነባሩ ተለይቶ መታወቅ አለበት ይላል፤ አለበለዚያ ጥገናው ታሪኩን ያጭበረብራል። ፊቫም በቱሪን ቻርተር ተመሳሳይ ሐሳብ ለመኪና አምጥቶታል። ሐሳቡ ለዲኤክስ የበዛባት ቢመስልም የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ነገር ላየ ሰው አይበዛባትም። ቀያሪዎቹ ቢያንስ የራሷን መለኪያዎች አውጥተው አዲሱ ላይ ቢሰኩላት ሒሴ በግማሽ በቀለለ።

ስቱኮ

ሦስተኛው ዘዴ የቀለም ቀቢዎች ነው። ስንጥቁን በስቱኮ ሞልተው፣ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክለው፣ ጥቁር ቀለም ይነፉበታል። ሲወጣ መስታወት ይመስላል። ብዙ አልቆይበትም፤ ስቱኮ ለላሜራ የተፈጠረ ደረቅ ነገር ነው፤ ቆዳው ግን በቀን እየሞቀ በሌሊት እየቀዘቀዘ ይንቀሳቀሳል። ደረቁ ከሚንቀሳቀሰው ጋር ሲጣበቅ አዲስ ስንጥቅ ከጎኑ ይወለዳል። ሙያውን የሚያውቁት ከመሙላታቸው በፊት የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በቀጭን መሰርሰሪያ ይበሳሉ፤ ክብ ቀዳዳ ውጥረቱን ስለሚበትነው ስንጥቁ እንዳይቀጥል ያግዘዋል። ከዚያም የሚሞሉት ደርቆም የሚለጠጥ ማጣበቂያ ነው። ይህን የሚያደርግ ግን ሶዶ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው ያየሁት። ከሁሉ የከፋው በሦስተኛው ጥያቄ መውደቁ ነው። ግንባርን እንዲያድን የተሠራውን ለስላሳ ነገር መልሶ ድንጋይ ያደርገዋል።

ስፌት

የመጨረሻው የመኪና ወንበር ልባስ የሚሰፉ ባለሙያዎች ሥራ ነው። በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ምክንያቱም ካየኋቸው ሁሉ ለሒስ የሚመጥነው እርሱ ነው።

ዲኤክሷ የአንድ ጡረተኛ መምህር ናት። ስንጥቁ ከመሐለኛው አየር ማስገቢያ ተነሥቶ እስከ ተሳፋሪው በኩል ይደርሳል፤ በውስጡ ስፖንጁ ቢጫ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። መምህሩ ሊያስቀይሩ አስበው ዋጋውን ሲሰሙ ወደ ሰፊው መጡ። ሰፊው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ዳሽቦርዱን ብሎን በብሎን ፈተው፣ እያንዳንዱን ሽቦ ሲነቅሉ በክር ምልክት አሰሩበት። የሞተውን ስፖንጅ በቢላ አንሥተው በምትኩ አዲስ ስፖንጅ ቆርጠው በማስቲሽ አጣበቁ። የተኮማተረውን አሮጌ ቆዳ ስንጥቁ ባለበት መሥመር ላይ እስከ ዳር ድረስ ከፈቱት። ከዚያ በጥቁር ሰው ሠራሽ ሌዘር ሲያለብሱት አንድ ወጥ አላደረጉትም፤ በሁለት ቆርጠው ስፌቱን ስንጥቁ በነበረበት መሥመር ላይ አሳረፉት።

«ጋሼ፣ ስፌቱን የማይታይ ቦታ ቢያደርጉት አይሻልም ነበር?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ መተንፈሻ የፈለገው እዚህ ጋ ነው፤ እኔም እዚሁ ሰፋሁለት» አሉኝ፤ መርፌያቸውን ሳያቆሙ።

በዚህ መልስ ውስጥ አንድ ሙሉ የጥገና ትምህርት አለ። ስንጥቁ ጠላት ሳይሆን መረጃ ነው፤ ውጥረቱ የት እንዳለ ቆዳው ራሱ ተናገረ። ሰፊው የተነገራቸውን ሰምተው እዚያው ላይ እንደ ልቡ የሚላላና የሚወጠር መገጣጠሚያ ፈጠሩ። በእናቶቻችን ቤት ቅል ሲሰነጠቅ በክር ይሰፋ እንደነበር አስታወሰኝ። የተሰፋ ቅል ስፌቱን አይደብቅም፤ ወተቱን ግን ይይዛል። ሥራው አይዋሽም፤ ምክንያቱን በከፊል ነክቷል፤ ለስላሳነቱንም መልሷል። መለኪያዎቹም፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም የራሷ ናቸው።

ጉድለት የለበትም ማለቴ አይደለም። የተመረጠው ሌዘር ያብረቀርቃል፤ ረፋድ ላይ መስታወቱ ውስጥ ሌላ ዳሽቦርድ ተንጋሎ ይታያል፤ ደብዛዛ ሌዘር ይሻል ነበር። በአየር ማስገቢያው ዙሪያ ቆዳው በቅጡ ስላልታጠፈ ጫፉ ከወዲሁ መነሣት ጀምሯል። ቀይ ክር መጠቀሙም ለእኔ ዓይን የበዛ ነው፤ እውነቱን መናገርና እውነቱን መጮህ ይለያያሉ። እንዲህ ዓይነት ነቀፌታ የምሰነዝረው ግን ለነቀፌታ የሚበቃ ሥራ ስለሆነ ነው። ስቱኮው ላይ ስለ ክር ቀለም አልተከራከርኩም።

ስለ እጅ

በ1900 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት አዲስ አበባ ላይ ተገናኙ። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ መጣላቸው፤ በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ የእጅ ባለሙያን በሙያው እየሰደቡ ማዋረድን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። መኪናው ገባ፤ አዋጁ ግን ገና ልባችን ውስጥ አልገባም። በወላይታም እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪው ለረጅም ዘመን ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተገልለው ኖረዋል። ማረሻው፣ አጎዛውና እንስራው ያለ እነርሱ አልነበረም፤ ስማቸው ግን በሥራቸው ላይ አልተጻፈም። የዛሬው የጋራዥ ባለሙያ እንደዚያ አይገለልም፤ ዝምታው ግን ወርሶታል። ሥዕሉን ስናይ የሠዓሊውን ስም እንጠይቃለን፤ ዳሽቦርዱን ስናይ ዋጋውን። ጥሩውንና መጥፎውን የማይለይ ገበያ ደግሞ በመጨረሻ የሚያስቀረው ርካሹን ነው። ስፌቱን አውቀን ካላከበርነው ስቱኮው ያሸንፋል።

ይህ የቅንጦት ክርክር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ውሳኔው የራሱ ምክንያት አለው። ለእኛ ጉዳይ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ያሉት መኪኖች ካሰብነው በላይ ሊቆዩ ነው። ነገ የሚሰነጠቀው የዲኤክስ ዳሽቦርድ ብቻ አይሆንም፤ የቪትዝና የያሪስም ነው። እዚህ ላይ ሰፊዎቻችንን በአክብሮት ላስጠንቅቅ። በእነዚህ መኪኖች ዳሽቦርድ ውስጥ፣ በተሳፋሪው በኩል፣ በግጭት ጊዜ የሚፈነዳ የአየር ከረጢት ተጣጥፎ ተቀምጧል። በዲኤክስ ላይ ያደነቅሁት ስፌት በቪትዝ ላይ ከረጢቱ የሚወጣበትን ክዳን ቢያፍን፣ ከረጢቱ ወይ ይታፈናል ወይ አቅጣጫውን ስቶ ሰው ይጎዳል። ምንጣፉም፣ የተጣበቀው አበባም እንደዚያው፤ ከረጢቱ ሲፈነዳ ተወንጫፊ ይሆናሉ። ለአንዱ መኪና ጥበብ የሆነው ለሌላው አደጋ ነው። ይህን ልዩነት ባለሙያው ከልምድ ብቻ ሊያገኘው አይችልም፤ ልምዱ የሚገኘው ሰው ከተጎዳ በኋላ ነውና።

ስለዚህ ለመኪና ባለቤቶች የምለው አጭር ነው። ያልተሰነጠቀ ካላችሁ ዛሬውኑ ጥላ ፈልጉለት፤ ከተሰነጠቀ የሚሰፋ እጅ ፈልጉ፤ የአየር ከረጢት ካለው ክዳኑን አታስነኩ። ለባለሙያዎቹ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ሌዘሩን ከማጣበቃችሁ በፊት ከሥሩ ላሜራው ላይ ስማችሁንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት። የሚከፍተው ሌላ ባለሙያ ነው፤ ከእርሱ በፊት ማን እንደሠራውና ስፌቱ ስንት ዓመት እንደቆየ ያውቃል። እኛ ሒስ ጸሐፊዎች ያልሠራነውን መዝገብ የዳሽቦርዱ ጀርባ ይያዘው።